ነጋሪት፣ ነፋስ ስልክና ጠገራ ብር

ከጎተራ ወደ ሳሪስ ሲጓዙ የታክሲው ረዳት «ነፋስ ስልክ!» እያለ ሲጣራ ሰምተው ይሆናል። ነፋስን ያውቃሉ፤ ስልክንም ያውቃሉ፤ ሁለቱን ማን እንዳጋባቸው ግን ጠይቀው ያውቃሉን? ነገሩ እንዲህ ነው። ያለ ሽቦ የሚሠራው ቴሌግራፍ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሕዝቡ «መልእክቱን ነፋስ ይሸከመዋል» ሲል የነፋስ ስልክ አለው። ከከተማው በስተ ደቡብ ያለው ሠፈርም በዚሁ ስም ጸና፤ ዛሬ የአንድ ክፍለ ከተማ እኩሌታ ስም ሆኗል።

አንባቢ ሆይ፣ መንግሥት በችግርና በጦርነት ዘመን ወደ ተራው ሰው ቤት በየትኛው በር ይገባ እንደ ነበር ለማየት ይህ ስም ጥሩ መነሻ ነው።

አስቀድመን ስለ ችግሩ እንናገር። በጥቅምት 1922 ዓ.ም. የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲወድቅ የእኛ ገበሬ አክሲዮን የሚባለውን ነገር በስም እንኳ አልሰማም ነበር። ጠገራውን ግን ጠንቅቆ ያውቀዋል። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከመቶው 83 እጅ የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። በየትም ቢመታ፣ መቼም ቢመታ፣ በላዩ የሚነበበው የፈረንጅ ዓመት 1780 ነው። ዋጋውን የሚሰጠው በውስጡ ያለው ብር እንጂ የማንም መንግሥት አዋጅ አልነበረም። ስለዚህ የብር ማዕድን በለንደንና በኒውዮርክ እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ ወደ እኩሌታ ገደማ ሲረክስ፣ በጅማም ሆነ በጎንደር በማሰሮ ተቀብሮ የተቀመጠው ጠገራ ሳይነካ ረከሰ። ቡናም እንዲሁ ዋጋ አጣ፤ ብራዚል የተረፋትን ቡና በእሳት እስከ ማቃጠል ደርሳ ነበርና። ከዚያ ደግሞ በ1926 ዓ.ም. አሜሪካ ብር በብዛት የሚያስገዛ ሕግ አወጣች፤ ጠገራው በተራው ተወደደና ከመገበያያነት ይልቅ ወደ ውጭ መላኩ የሚያዋጣ ሆነ። ሁለቱንም ጊዜ አዲስ አበባን ማንም አላማከራትም።

መንግሥቱ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ታወጀ። በዚያው ክረምት፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በውጭ ገንዘብ የተቋቋመው የአቢሲንያ ባንክ ቀርቶ የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ባንኩ የወረቀት ገንዘብ ቢያወጣም ገበያተኛው ከወረቀቱ ይልቅ ጠገራውን በድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን መስማት ይመርጥ ነበር። በ1925 ዓ.ም. ሩዝቬልት በራዲዮ ተናግሮ ባንክ ለባንክ የሚሯሯጠውን የአሜሪካን ሕዝብ አረጋጋ። የእኛ መንግሥት ግን የሕዝቡን ገንዘብ ለማዘዝ ሥልጣን፣ ሕዝቡን በየቤቱ ለማነጋገርም ራዲዮ አልነበረውም።

ጦርነቱ ሲመጣ ይህ ሁሉ ገሐድ ወጣ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር መረብን ሲሻገር፣ በምኒልክ ግቢ ታላቁ ነጋሪት ተጎሰመ፤ የክተት አዋጅም ተነገረ። ክተት ማለት ለአንድ ቤት ምን እንደ ሆነ እስቲ ያስቡት። በእንግሊዝ አገር በ1932 ዓ.ም. ራሽን ሲታወጅ፣ መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው ቅቤውንና ስኳሩን በደብተር ይሰፍርለት ነበር። የእኛ ዘማች ራሽን ግን ሚስት የፈጨችው በሶ፣ እናት የቆላችው ቆሎ ነው። ጠመንጃውንም፣ ካለው በቅሎውንም ከቤቱ ይዞ ይወጣል። ስንቁ ሲያልቅ ደግሞ ሠራዊቱ ያለፈበት አገር ገበሬ ጎተራ ይራቆታል። የዘመቻው ወጪ በማንም የሒሳብ መዝገብ ያልተጻፈው ስለዚህ ነው፤ በየሴቱ ወፍጮ ላይ ግን ተጽፎ ነበር።

ነጋሪቱ ለአገሬው ሲመታ፣ የነፋሱ ስልክ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ነበር። የአቃቂን የራዲዮ ጣቢያ የሠራው የኢጣልያው አንሳልዶ ኩባንያ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን በመስከረም 1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ልትወረን ነው ብለው ለዓለም የተናገሩት በዚያው ጣቢያ ነው። በከተማው የተሰበሰቡት የውጭ ጋዜጠኞችም ወሬያቸውን በነፋሱ ይልኩ ነበር። ጄኔቫና ኒውዮርክ ሰሙ፤ ሰምተውም የሆነውን እናውቃለን።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ጠላት እስከ ገባበት እስከ 27 ድረስ አዲስ አበባ ያለ መንግሥት አደረች፤ ሱቅ ተዘረፈ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ሞተ። መንግሥት ለተራው ሰው ምን ያደርግለታል የሚል ጠያቂ ቢመጣ፣ እነዚያን ቀኖች ያሳለፈ ሰው መልሱን ያውቃል።

የጠላት መንግሥት የገባውም በዚያው በገንዘቡ በር ነው። ሙሶሊኒ የጠገራውን መምቻ ከቪየና አስወስዶ ሮም ውስጥ ማስመታት የጀመረው ገና ጦርነቱ ሳይከፈት ነበር፤ ሕዝባችን ሌላ ገንዘብ እንደማያምን ተረድቷልና። በኋላ ሊሬውን ተቀበሉ ሲባል ሰው ጠገራውን መልሶ ቀበረ።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ በገበያው ጠገራ፣ ሊሬ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ የሕንድ ሩፒና የግብጽ ፓውንድ ይተራመሱ ነበር። በመጋቢት 1934 ዓ.ም. የድሮው ከበሮ ወረቀት ሆኖ ብቅ አለ፤ ነጋሪት ጋዜጣ ማለት ይህ ነው። በመሥሪያ ቤትዎ መደርደሪያ ተደርድሮ የሚያዩት ጋዜጣ ስሙን የወረሰው ከዚያ ከሚጎሰመው ነጋሪት ነው። በዚያው ዓመት ባርነትን የሚሽር ሕግ ወጣ፤ የመሬት ግብርም በገንዘብ ተወሰነ፤ ለተለካ አንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፣ ለለም ጠፍ 10፣ ለጠፍ 5። እዚህ ላይ ጥቂት ይቆዩ። እህሉን፣ ማሩን፣ ጉልበቱን ሲገብር የኖረ ገበሬ አሁን ብር ለማግኘት ወደ ገበያ መውጣት አለበት። ገበያ የራቀው እህሉን በነጋዴው ዋጋ ጥሎ ይመለሳል። እንደ እኔ አስተያየት፣ የዚያን ዘመን ገበሬ ከሕገ መንግሥቱ ይልቅ የለወጠው ይህ ነው።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የራሳችን ብር ወጣ። ለሐምሳ ሳንቲሙ የሚሆነውን ብር ያበደረችን አሜሪካ ናት፤ ገበያተኛው በውስጡ ብር የሌለበትን ገንዘብ እንደማይቀበል ታውቆ ነበርና። ጠገራው ከገበያ ቢወጣም አልጠፋም። አንዱ የአንገት ጌጥ ሆነ፣ ሌላው ቀልጦ መስቀል ወጣው። የተረፈው ዛሬም በብር ሠሪ ሚዛን ላይ በግራም ይሸጣል፤ ዋጋውም ለንደን የነገረችው ነው።