እድር ባሕር አይሻገርም

በጦር ሠፈራችን የሚኖሩ ቤተሰቦች በክፉ ቀን አለሁ የሚላቸው እድር እንዳላቸው የታወቀ ነው። ሰው ሲታመም ጠያቂው፣ ሲሞትም ድንኳኑና ንፍሮው የሚሰናዳው በእድር ነው። ነገር ግን እኅቷን ለመጠየቅ ወደ ሮማ ወይም የልጇን ምረቃ ለማየት ወደ ፍራንክፈርት የምትጓዝ እናት እድሯን ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ትታው ትሄዳለች። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን የሟችን አስከሬን ወደ አገሩ ለመመለስ ገንዘብ ሲያዋጡ የምንሰማውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለጉዞ የሚገባ መድን ይህንኑ ሸክም የሚያቃልል በመሆኑ አመራረጡን በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ለመመልከት ወደናል።

ብዙዎች መድንን የሚገዙት ኤምባሲ ስለሚጠይቃቸው ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቪዛ ሕግ ወደ ሸንገን አገሮች ለአጭር ጊዜ የሚጓዝ ቪዛ ጠያቂ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን እንዲያቀርብ ያዝዛል። መድኑም አስቸኳይ ሕክምናን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስንና ከሞት ጋር የተያያዘ ወጪን ማካተት አለበት። ዳሩ ግን ይህ መጠን ዝቅተኛው ወሰን እንጂ የበቂነት ማረጋገጫ አይደለም፤ ከባድ ቀዶ ሕክምናና የብዙ ቀን ክትትል ሊጨርሰው ይችላል። ከዚህም ሌላ ብሪታንያና አየርላንድ የሸንገን አባሎች አይደሉም። ስለሆነም ከሮማ ተነሥታ ለንደን ያለውን ወንድሟን ለማየት ያሰበች እኅት፣ ውሏ ለሸንገን ብቻ የተጻፈ ከሆነ፣ ለንደን ላይ ያለ መድን ትቆማለች።

ከሁሉ ይበልጥ ልናሳስብ የምንወደው ግን አስቀድሞ ስለነበረ ሕመም ነው። የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባት እናት በቅጹ ላይ «ጤነኛ ነኝ» ብላ ብትፈርም አረቦኑ ይቀንስላት ይሆናል። ሕመሙ በተነሣባት ዕለት ግን መድን ሰጪው የሐኪሟን መዝገብ አስቀርቦ ክፍያውን ሊከለክል ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችንም መድን ገቢው የሚያውቀውን በትክክል እንዲገልጽ ያስገድዳል። ሕመምን ከጎረቤት መሸሸግ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ በዚህ አንፈርድም። በመድን ቅጽ ላይ ሲሆን ግን ልማዱ ባልና ልጆችን ለዕዳ ይዳርጋል። አንዳንዱ ውል እንዲህ ያለውን ሕመም ጨርሶ አይቀበልም፤ ሌላው ተጨማሪ አረቦን አስከፍሎ ይቀበላል። የወኪሉ የቃል ማረጋገጫ ስለማይበቃ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር የሆነች ተጓዥም ሽፋኑ እስከ ስንተኛው ሳምንት እንደሚዘልቅ፣ ወሊድን ይጨምር እንደሆነም ትጠይቅ።

ለወታደሩ አንባቢያችን ደግሞ አንድ ነገር እንጨምራለን። ጦርነትና ሕዝባዊ ሁከት ያስከተሉትን ጉዳት፣ እንዲሁም በስካር የደረሰን አደጋ አብዛኞቹ ውሎች አይሸፍኑም። ለዕረፍት የተገዛ መድንም ለግዳጅ ጉዞ ያገለግላል ተብሎ ሊታሰብ አይገባም።

ስለ ሻንጣ ብዙ ሲነገር እንሰማለን፤ በእኛ አስተያየት ግን አረቦን የሚያስጨምር ጉዳይ አይደለም። የ1999 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ስምምነት በሚሠራበት በረራ በመጀመሪያ ተጠያቂው አየር መንገዱ ነው። ሻንጣው የተጎዳበት መንገደኛ በ7 ቀን፣ የዘገየበትም ሻንጣውን በተረከበ በ21 ቀን ውስጥ አቤቱታውን በጽሑፍ ማቅረብ አለበት።

ውሉ ሲፈረም በመድን ገቢው ላይ የሚቀረው የራስ ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ ቪዛ ቢከለከል አረቦኑ ይመለስ እንደሆነም ይጠየቅ። የውሉ ቁጥርና መድን ሰጪው ለአስቸኳይ ጊዜ የሰጠው ስልክ በሁለት ወረቀት ተጽፎ አንዱ በተጓዧ ቦርሳ፣ ሌላው ካምፕ በቀረው ባለቤቷ እጅ ይሁን። ብዙ መድን ሰጪዎች ሕመምተኛው ሆስፒታል ከመተኛቱ በፊት ወይም እንደተኛ ወዲያውኑ እንዲነገራቸው ይጠይቃሉ፤ በዚያች ሰዓት ታማሚዋ ራሷ መደወል ላትችል ትችላለች።