ፈትላ የሠራችው ቤት የእርሷም ነው



ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጨንቻ በጉም በተሸፈነችበት ማለዳ፣ አንዲት እህት በራችንን አንኳኳች። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖራ ልጅ አልወለደችም። የባሏ ቤተሰቦች «መካን ናት» ብለው ሌላ ሴት ሊያመጡለት ተስማምተዋል፤ እርሷም ልብሷን ይዛ ወደ አባቷ ቤት እንድትመለስ ተነግሯታል። እኔም «ታገሺ፣ ሐናም ጠብቃለች» ብዬ ጸልዬላት ሸኘኋት። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ጸሎቱ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ልነግራት የሚገባ ሌላም ነገር ነበረ፣ አላወቅሁትም።

ያንን ነገር ያወቅሁት በኋላ ስለ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ሳነብ ነው። ወይዘሮ መዓዛ በአሶሳ ተወልደው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው፣ በከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ከሙያ ጓደኞቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሴቶች በነፃ ይቆም ነበር። ተጠልፋ ጠላፊዋን ስለገደለች ልጅ የተሠራውን «ድፍረት» የተሰኘ ፊልም ያያችሁ፣ ያንን ጉዳይ የያዘው ይህ ማኅበር መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ወይዘሮ መዓዛ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ለእኔ ግን ከሹመቱ ይልቅ የሚበልጥብኝ የቤተሰብ ሕጉ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ሲሆን ሚስት እንድትታዘዘው ታዝዛለች፤ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ መዳር ትችል ነበር፤ ፍቺውንም የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ማኅበሩ ይህ እንዲለወጥ አጥብቆ ከሠሩት አንዱ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 ወጣ፤ የቀድሞው ደቡብ ክልልም በ1996 ዓ.ም. ያንኑ መንገድ የተከተለ የራሱን ሕግ አወጣ።

አሁን ወደዚያች እህት ልመለስ። በእኛ አገር ሴቲቱ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ዘጠኝ ዓመት እርሷ ፈትላ፣ እርሱ ሸምኖ ጋቢው ተሸጦ የቆመ ቤት የማን ነው? ሕጉ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት፣ በአንዱ ስም ቢጻፍ እንኳ፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው ይላል። ትዳሩ ቢፈርስ በመርሕ እኩል ይካፈሉታል፤ ፍቺውን የሚወስነው ፍርድ ቤት እንጂ አማትና አጎት አይደሉም። መጀመሪያው ጋብቻ ሳይፈርስ ሁለተኛ ማግባትም የተከለከለ ነው። ልጅ አለመውለዷ ድርሻዋን አይቀንሰውም።

ደግሞስ መካኗ እርሷ ናት ያለው ማን ነው? ወንድሞቼ አትቆጡኝ፤ ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ዘንድ የወንዱም ችግር እንዳለበት ሐኪሞች ይናገራሉ። ምርመራ የሁለት ሰው ነው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል።

ጉዲፈቻም አለ። በመካከላችን የእህታቸውን ወይም የጎረቤታቸውን ልጅ ወስደው የሚያሳድጉ ብዙዎች ናቸው፤ ወረቀት ግን የላቸውም። አባት ሲሞት ወንድሞቹ መጥተው «ይህ ልጅ ማን ነው?» ይላሉ። ጉዲፈቻ የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው። አሳዳጊው 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ባልና ሚስት ከሆኑ አብረው ያሳድጋሉ፣ የአንዳቸው ዕድሜ 25 ቢሞላ ይበቃል። ከጸደቀ በኋላ ልጁ እንደ ወለዱት ልጅ ይቆጠራል፣ ይወርሳል።

ያቺ እህት ተመልሳ ስትመጣ ያወቅሁትን ሁሉ ነገርኳት። ባለቤቴ ፓስተሩም ባሏን ለብቻው አነጋገረው። ሦስት ወር ፈጀ፤ የአማቷ ኩርፊያ ደግሞ ከዚያ በላይ። በመጨረሻ ሁለቱም ተመረመሩ፤ ውጤቱን እነርሱ ይያዙት። ዛሬ ሙት ዘመዳቸው የተወቻትን ልጅ ያሳድጋሉ። ዳኛው ፊት በቀረቡ ቀን፣ ሕጉ የልጅ ሐሳብ ይሰማ ስለሚል፣ ትንሿን «ከእነማን ጋር ነሽ?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱ አልመለሰችም፤ ሄዳ በሴትዮዋ ነጠላ ውስጥ ገባች። ዳኛው ጻፉ።