ከዴስኩ ሥር ያለው ጣት

አንድን የአንደኛ ክፍል ልጅ «ሁለት ሲደመር ስድስት ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። እጁን ከዴስኩ ሥር ይሸሽጋል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ «ስምንት!» ይላል። መልሱ ትክክል ቢሆንም «በጣትህ አትቁጠር» መባሉ አይቀርም። ጣቱ ግን ትልቅ ሥራ ሠርቷል።

ጀማሪ ልጅ ሁለት ጣት ያወጣል፣ ስድስት ይጨምራል፣ ከዚያ ሁሉንም ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል። ቆየት ብሎ ግን ስድስቱን እንደገና መቁጠር ትርፍ ድካም መሆኑ ይገባዋል፤ «ስድስት» ብሎ ይነሣና «ሰባት፣ ስምንት» ይላል። ከትልቁ ቁጥር የመነሣትን ዘዴ ብዙ ልጆች ማንም ሳያሳያቸው ራሳቸው ይደርሱበታል።

ጋይ ግሮንና ጆን ፓርክማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1972 እ.ኤ.አ. ይህን በሰዓት ለክተው አሳዩ። የአንደኛ ክፍል ልጆች መልስ ለመስጠት የሚፈጅባቸው ጊዜ የሚረዝመው በትንሹ ተደማሪ ልክ ነበር፤ ለእያንዳንዱ አንድ 0.4 ሰከንድ ያህል። እንደ 3 ሲደመር 3 ያሉት መንትያ ቁጥሮች ብቻ ከዚህ ወጣ ብለው በፍጥነት ተመለሱ። በአዋቂዎች ላይ ደግሞ ጭማሪው ወደ 0.02 ሰከንድ ወረደ። በዚህ ፍጥነት በልቡ የሚቆጥር ሰው ስለሌለ፣ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ መልሱን የሚያወጣው ከትውስታው ነው ተባለ።

ሽግግሩ ግን በአንድ ጀምበር አይሆንም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ሲግለር እንዳሳየው፣ ያው ልጅ ያንኑ ጥያቄ ዛሬ ከትውስታው መልሶ ነገ በጣቱ ሊቆጥረው ይችላል። በትክክል በቆጠረ ቁጥር ጥያቄውና መልሱ በአእምሮው ይበልጥ ይቆራኛሉ፤ በመጨረሻም መልሱ ሳይቆጠር ይመጣል። ጣት የቃል ጥናትን መንገድ ይጠርጋል እንጂ አይዘጋም።

ትውስታችን ግን መልሶቹን ለየብቻ አላስቀመጣቸውም። «ሰባት ጊዜ ስምንት» ሲባል የሚሳሳት አዋቂ ዝም ብሎ ያገኘውን ቁጥር አይጠራም፤ 48 ወይም 54 ይላል። ሁለቱም በማባዣው ሰንጠረዥ የ56 ጎረቤቶች ናቸው። 9 ሲደመር 6 ሲመጣም ብዙዎቻችን ከስድስቱ አንድ ወስደን ዘጠኙን አሥር እናደርጋለን። ለአማርኛ ተናጋሪ ቀሪው ቀላል ነው፤ አሥርና አምስት፣ «አሥራ አምስት» የሚለው ስም ራሱ መልሱን ይዟል።

ያቺ 0.02 ሰከንድስ? ተመራማሪዎቹ ፒየር ባሩዬና ካትሪን ቴቨኖ በ2013 እ.ኤ.አ. የትናንሾቹን ቁጥሮች ድምር እንደገና ለክተው ጭማሪዋን አገኟት። አዋቂም ሳይታወቀው እጅግ ፈጥኖ ይቆጥር ይሆናል የሚል ሐሳብም አቀረቡ። ትውስታ ነው የሚሉት ተመራማሪዎች አልተቀበሉትም፤ ክርክሩ ቀጥሏል። እነባሩዬ ከረቱ ግን ጣቱን አሳምሮ የደበቀው ልጁ ሳይሆን ተቆጪው ነው።