ከባቡሩ ጋር የመጣው መዋዕለ ሕፃናት

ኢትዮጵያ በቅኝ ግዛት ሳትያዝ የኖረች አገር ብትሆንም፣ ዘመናዊው የቅድመ መደበኛ ትምህርት፣ ማለትም ሕፃናት አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የሚያገኙት ትምህርት፣ ከቅኝ ግዛቱ ዘመን መልክ ነፃ ሆኖ አልገባም። የትምህርት ታሪክ ጸሐፊዎች የአገሪቱ የመጀመሪያ መዋዕለ ሕፃናት በድሬዳዋ፣ ለባቡር ሐዲድ ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች እንደተከፈተ ይገልጻሉ፤ ዘመኑንም አንዳንዶቹ እ.ኤ.አ. 1898፣ ሌሎቹ 1900 ያደርጉታል። ይሁንና ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው፣ ከተማዪቱም የተቆረቆረችው በ1902 መገባደጃ ስለሆነ፣ ይህ አቆጣጠር በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባዋል።

የባቡር ጣቢያው ያለበት ከዚራ ቀጥ ባሉና ዛፍ በተተከለባቸው መንገዶች የተቀየሰ የፈረንጆች ሰፈር ሲሆን፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለችው መጋላ ደግሞ የነጋዴውና የአገሬው መኖሪያ ነበረች። ፈረንሳውያኑ ከአገራቸው የሚያውቁት «ኤኮል ማተርኔል» የተባለው የሕፃናት ትምህርት ቤት ጨዋታን፣ መዝሙርንና የእጅ ሥራን የሚያስቀድም ነበር።

የአገሬው ሕፃን ግን ትምህርት አልነበረውም ማለት ስሕተት ነው። የክርስቲያኑ ልጅ በአራትና በአምስት ዓመቱ ከየኔታ ፊት ተቀምጦ፣ የፊደል ገበታውን በስንደዶ እየነካ ሀሁን፣ ቀጥሎም አቡጊዳንና መልእክተ ዮሐንስን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይወጣል፤ የሙስሊሙ ልጅ በቁርአን ቤት «ሎህ» በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም የተጻፈለትን አንቀጽ በቃሉ ከያዘ በኋላ ሰሌዳውን አጥቦ ለሚቀጥለው ያዘጋጃል። ሁለቱም ቤቶች ጨዋታን እምብዛም አያውቁም፣ አለንጋም አይጠፋባቸውም፤ ያም ሆኖ የደሃውን ልጅ ሳይመልሱ የተቀበሉት እነርሱ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በዘለቀው የኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ቀድሞ በልማድ የነበረው መለያየት ሕግ ሆኖ የኢጣሊያውያን ልጆችና «ተገዥ» የተባሉት የአገሬው ልጆች ትምህርት ቤት ተለየ። ከነፃነት በኋላም መዋዕለ ሕፃናት ለረጅም ጊዜ የውጭ ማኅበረሰቦችና የባለጠጎች ሆኖ ቆየ፤ በደርግ ዘመን ቀበሌዎች ቢከፍቱትም ከከተማ ብዙ አልራቀም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ መሠረት፣ «ኦ ክፍል» የተባለው የአንድ ዓመት ዝግጅት በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ መስፋፋት ሲጀምር፣ ሐዲዱ ድሬዳዋ ከደረሰ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ለዚህ መዘግየት ተጠያቂው ፈረንጁ ብቻ አይደለም፤ ከየኔታና ከቁርአን ቤት ጋር ተባብሮ መሥራት ሲቻል እንደሌሉ የቆጠራቸው የአገሪቱ የትምህርት አስተዳደርም ጭምር ነው።