የእህል ጉድጓድና የብረት ጋን፦ በእርሻና በባዮፕሮሰስ ምሕንድስና ስለሚካሄድ የዶክትሬት ምርምር

የእርሻ ምሕንድስና ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ማረሻ፣ ትራክተርና የመስኖ ቦይ ነው። ሰብሉ ከታጨደ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ግን ከዚህ የረቀቀ ነው። ከዐውድማ የገባ እህል እንደ ድንጋይ ክምር ሕይወት የሌለው ዕቃ አይደለም፤ ይተነፍሳል፣ ይሞቃል፣ ውሃ ይቀበላል፣ ውሃም ይሰጣል። ነቀዝና ሻጋታም ከእርሱ ጋር አብረው ይኖራሉ። ይህን ሕይወት ያለው ክምችት በመለኪያና በሒሳብ መርምሮ ለመምራት የሚጥረው የትምህርት ዘርፍ የእርሻና የባዮፕሮሰስ ምሕንድስና ይባላል። ባዮፕሮሰስ ማለት ዘር፣ እርሾ፣ ባክቴሪያ ወይም ሻጋታ የሚያካሂደውን ለውጥ ለታወቀ ዓላማ ማዋል፣ አለዚያም መግታት ነው። በዚህ ዘርፍ ለዶክትሬት ዲግሪ የሚቀርብ ጥናት ምን እንደሚመረምርና በምን እንደሚመዘን ለማስረዳት ከሐረርጌ የእህል ጉድጓድ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በሐረርጌ ማሽላን ከመሬት በታች ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው። ጉድጓዱ አፉ ጠበብ፣ ወገቡ ሰፋ ተደርጎ ይቆፈራል፤ እህሉ ከገባ በኋላም አፉ ተከድኖ በአፈር ይደፈናል። እህሉ በዚህ ሁኔታ ከእሳት፣ ከሌባና በብዙው ከነቀዝ ይድናል። በአንጻሩ ከግድግዳውና ከአፉ አጠገብ ያለው ይሻግታል፤ የመብቀል ኃይሉም ስለሚደክም ለዘር የሚሆነው በአብዛኛው ከጉድጓድ ውጭ ይቀመጣል። አንድ ጉድጓድ ይህን ያህል የሚጠብቅ ሆኖ ሳለ ለምን ይህን ያህል ያበላሻል የሚለው ጥያቄ፣ ለአንድ የዶክትሬት ዕጩ የብዙ ዓመት ሥራ ይሆነዋል።

መሐንዲሱ ጥያቄውን የሚጀምረው እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ገቢንና ወጪን በመመዝገብ ነው። እህሉም ሆነ ሻጋታው ሲተነፍስ ስኳርን በኦክሲጅን ያቃጥላል። 1 ኪሎ ግራም ስኳር ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 1.07 ኪሎ ግራም ያህል ኦክሲጅን ይወስዳል፤ 0.6 ኪሎ ግራም ውሃ፣ 1.47 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ 3,700 ኪሎ ካሎሪ የሚደርስ ሙቀት ይሰጣል። ከዚህ መዝገብ ውስጥ እጅግ አሳሳቢው ውሃው ነው። እርጥበት ሻጋታን ያበረታል፤ ሻጋታው ተጨማሪ ውሃና ሙቀት ያወጣል፤ ያም ውሃ ሌላ ሻጋታ ያበቅላል። ሙቀቱ ከቶ የማይወጣ ቢሆን፣ ከ1 ኩንታል እህል 1 ኪሎ ግራም ብቻ ቢቃጠል የቀረውን በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሊያሞቀው በቻለ ነበር። በእርግጥ ተሕዋስያኑ ከዚያ በፊት በገዛ ሙቀታቸው ስለሚሞቱ ነገሩ እዚያ አይደርስም፤ ይሁን እንጂ እርጥብ ክምር ለምን እንደሚጨስ ሒሳቡ በግልጽ ያሳያል።

የጉድጓዱም ጥበብ ከዚሁ መዝገብ ይነበባል። 1 ኩንታል እህል ወደ 140 ሊትር የሚሆን ቦታ ይይዛል፤ በፍሬዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከመቶ 40 እጅ ያህል በመሆኑ፣ ውስጡ 55 ሊትር ገደማ አየር አለ ማለት ነው። ከዚህ አየር አንድ አምስተኛው ኦክሲጅን ነው፤ ክብደቱም 15 ግራም ቢሆን ነው። በደጋ አገር አየሩ ስለሚሳሳ ከዚህም ያንሳል። ስለዚህ ጉድጓዱ በእውነት የተደፈነ ቢሆን፣ በዚያ ኩንታል ውስጥ ሊቃጠል የሚችለው 14 ግራም ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እሳቱ አየር እንዳጣ ምድጃ ይዳፈናል። የኦክሲጅኑ መጠን ከመቶ 5 እጅ በታች ሲወርድም ነቀዝ መብላቱን ያቆማል። በቦታው የሚከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሰውም አደገኛ ነው፤ የተከፈተ ጉድጓድ ሳይናፈስ የገባበት ሰው ታፍኖ ሊሞት ይችላል።

እንግዲህ ጉድጓዱ የሚያበላሸው ሒሳቡ ስለማይሠራ ሳይሆን፣ በመዝገቡ ያልተጻፈ ገቢ ስላለው ነው። ውሃ ከአፈሩ በግድግዳው በኩል ይሰርጋል፤ አየርም በክዳኑ ስንጥቅ ይገባል። ማሽላም ሆነ በቆሎ ያለ ስጋት ለብዙ ወራት የሚቀመጠው እርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ አካባቢ ሲሆን ነው። ገበሬው እህሉን ከመቶ 20 እጅ እርጥበት ጋር ቢሰበስበው፣ ከእያንዳንዱ ኩንታል 8 ኪሎ ግራም ውሃ ማውጣት ይኖርበታል። ይህን ውሃ በፀሐይ ያስወጣ ገበሬ፣ ጉድጓዱ ጥቂቱን መልሶ እንዳያጠጣበት ምን ያድርግ? ጉዳዩ የኪሎና የዋጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2004 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በምሥራቅ ኬንያ እርጥብ ሆኖ የተቀመጠ በቆሎ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ አፍርቶ 317 ሰዎች እንደ ታመሙና 125ቱ እንደ ሞቱ ተመዝግቧል።

በዚህ ነጥብ ላይ ተመራማሪው አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል። እህሉን በቤተ ሙከራ በትንሽ ዕቃ አስቀምጦ ሙቀቱንና እርጥበቱን ቢለካ፣ ያገኘው ቁጥር ለዚያ ዕቃ እውነት ነው፤ ለጉድጓዱ ግን እውነት ላይሆን ይችላል። እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን 1 ሊትር ሲይዝ፣ ሙቀት የሚያስወጣ 600 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገጽ አለው። ጎኑ 2 ሜትር የሆነው ሣጥን ግን ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው ገጽ 30 ካሬ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ሙቀት በእህል ውስጥ ከመሐል ወደ ዳር ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ በርቀቱ ካሬ ልክ ይጨምራል፤ ርቀቱ 20 እጥፍ ሲሆን ጊዜው 400 እጥፍ ይሆናል። በትንሹ ሣጥን በ1 ሰዓት የሚበርደው፣ በትልቁ ከ16 ቀን በላይ ይወስዳል። ትንሹ ዕቃ ቀዝቅዞ ስለሚታይ ብቻ ትልቁም ይቀዘቅዛል ብሎ የጻፈ ሰው፣ ገበሬውን ለኪሣራ ይዳርጋል።

ይህ የመጠን ጥያቄ ከእርሻው ክፍል ይልቅ በይበልጥ የተጠናው በመድኃኒት ፋብሪካ ነው። በ1941 በአሜሪካ ኢሊኖይ ክፍለ ሀገር በምትገኘው የፒዮሪያ ከተማ፣ የእርሻ ሚኒስቴሩ ቤተ ሙከራ ፔኒሲሊንን በብዛት ለማምረት ምርምር ጀመረ። ሻጋታውን የመገቡት በቆሎ ተዘፍዝፎ ስታርች ሲወጣለት በሚቀረው ፈሳሽ ነበር፤ ይህም ያለ ጥቅም የሚቀር የእርሻ ውጤት እንዴት ሕይወት አድን መድኃኒት እንደሚያስገኝ ያሳያል። በጠርሙስ ገጽ ላይ ይበቅል የነበረው ሻጋታ ወደ ትልቅ የብረት ጋን ሲዛወር ግን መሐንዲሶቹን ያስጨነቃቸው ኦክሲጅንን ወደ መሐል ማድረስና ሙቀትን ወደ ውጭ ማውጣት ነበር። ሲታሰብ የሐረርጌው ጉድጓድና የፒዮሪያው ጋን ተቃራኒ ዓላማ አላቸው፤ አንዱ ኦክሲጅንን ሊነፍግ፣ ሌላው ሊመግብ ይሠራል። የሚመዘገቡበት የገቢና የወጪ መዝገብ ግን አንድ ነው። የእርሻና የባዮፕሮሰስ ምሕንድስና በአንድ የትምህርት ክፍል ሥር የሚሰጥባቸው ዩኒቨርሲቲዎች መኖራቸውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ሁሉ የታወቀ ሆኖ ሳለ በዘርፉ የሚቀርቡት ጽሑፎች ሁሉ እኩል ክብደት የላቸውም። በ1949 ፔጅ የተባለ ተማሪ በአሜሪካው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ለማስትሬት ዲግሪ ባቀረበው ጥናት፣ በስሱ የተሰጣ የበቆሎ ፍሬ በሞቀ አየር እንዴት እንደሚደርቅ በአንዲት አጭር ቀመር ገለጸ። ቀመሯ እጅግ ጠቃሚ ሆና እስከ ዛሬ ትሠራለች። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ ተማሪዎች አንድ አዲስ ፍሬ ወይም ቅጠል በትሪ ላይ አድርቀው፣ ቁጥሩ ከቀመሯ ጋር መስማማቱን በማሳየት ጥናታቸውን ፈጽመዋል። እንዲህ ያለው ሥራ ለልምምድ መልካም ነው፤ ለዶክትሬት ግን ይቀለዋል። የስሱ ስጥ ቀመር ወፍራሙን ክምር የማይገልጸው፣ በታች ያለው ፍሬ የሰጠውን ውሃ በላይ ያለው ስለሚቀበለው ነው። በትሪ ላይ ከተገኘው ቁጥር ተነሥቶ በክምሩ ውስጥ በየትኛው ጥልቀት በስንተኛው ቀን ምን ያህል እርጥበት እንደሚኖር አስቀድሞ መናገርና፣ ከዚያም ቀመሩ ባልተቀመረበት ሌላ ክምር ላይ ለክቶ ማረጋገጥ፣ ይህ ነው ዕጩውን ለዲግሪው የሚያበቃው።

ከዚህ የተለየ መንገድም አለ፤ ይኸውም አስቀድሞ የሠራን ነገር ኋላ መመርመር ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የፐርዱ ተመራማሪዎች ከካሜሩን ባልደረቦቻቸው ጋር ካውፒ የተባለውን ጥራጥሬ ከነቀዝ ለማዳን ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት በአንድ የተፈተለ ማዳበሪያ ውስጥ የሚደረብበትን ዘዴ አወጡ። ዘዴው ፒክስ በሚል ስም በአፍሪካ አገሮች ተሰራጨ። ነቀዙ ኦክሲጅን ሲያጣ ለምን ሳይበላና ሳይራባ እንደሚሞት ግን በዝርዝር የተገለጸው በ2012 በታተመ ጥናት ነው። ነቀዝ የሚበቃውን ውሃ የሚያገኘው ከሚበላው ምግብ በመተንፈስ በመሆኑ፣ ኦክሲጅን ሲነፈግ የሚሞተው በውሃ ጥም ነው። ያ ለሻጋታ የሚመቸው የመተንፈስ ውሃ ለነቀዝም የሕይወቱ መሠረት ሆኖ ተገኘ።

የሐረርጌውን ጉድጓድ በሚመለከት፣ በ2004 በስዊድን የእርሻ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ የቀረበ የዶክትሬት ጽሑፍ በአካባቢው ያሉት የማሽላ ማስቀመጫ ዘዴዎች በእህሉ ጥራት ላይ ያላቸውን ውጤት መርምሯል። መሐንዲሱ ከዚህ ተነሥቶ የሚጠይቀው፣ ግድግዳው በምን ቢለበጥና ክዳኑ እንዴት ቢሠራ ከአፈሩ የሚሰርገው ውሃ በስንት እንደሚቀንስ ነው። በ1950ዎቹ ከኦክላሆማው የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው የዓለማያ ኮሌጅ፣ የዛሬው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የሚገኘው በዚሁ አካባቢ በመሆኑ ተመራማሪው ጉድጓድ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። የሙቀትና የእርጥበት መለኪያዎቹ እህሉ ሲገባ አብረው መቀበር አለባቸው፤ አፉ ከተደፈነ በኋላ የተበላሸ መለኪያ ሊጠገን አይችልም፤ ለመጠገን ቢከፈትም አየር ስለሚገባ የዓመቱ ልኬት በሙሉ ይፋለሳል። የመጀመሪያውን ምርት ለመቀመሪያ፣ ሁለተኛውን ለማረጋገጫ የሚያውል ዕጩ ቢያንስ ሁለት መኸር መጠበቅ ይኖርበታል፤ አንዱ ዓመት ዝናብ ያጠረው ከሆነ ደግሞ፣ የአፈሩ እርጥበት የተለየ ስለሚሆን፣ ሦስተኛ ያስፈልገዋል። የጥናቱ ፕላንና በጀት ሲጸድቅ የሚታሰበው ይኸው የመኸር ቁጥር ነው።