የቤት ዋይፋይ ሲንቀራፈፍ የደከመው የትኛው መንገድ ነው?

ዛሬ ሞጁሉ የሚደርሰን በቴሌግራም፣ የቤት ሥራው የሚላከውም በስልክ በመሆኑ የዋይፋይ መንቀራፈፍ የጥናት ጊዜን የሚበላ ችግር ሆኗል። ችግሩ ሲያጋጥም ብዙዎች የሚያስቡት አንድ መፍትሔ ብቻ ነው፤ ይኸውም አዋጥቶ ከፍ ያለ ፓኬጅ መግዛት። ከቤት ኪራይና ከቀለብ ተርፎ የሚዋጣ ገንዘብ ግን ቀላል ስላልሆነ፣ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር መጣራት አለበት እንላለን።

ኢንተርኔት እጃችን የሚደርሰው በሁለት መንገድ ተያይዞ ነው። አንደኛው ከቴሌ እስከ ቤታችን በመዳብ ሽቦ ወይም በፋይበር የሚመጣው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ስልካችን በአየር የሚሄደው ነው። ነገሩን በውሃ እንየው። ወደ ቦኖው የሚመጣው ቧንቧ ቢሰፋ፣ ከቦኖው ወደ ቤት የምንቀዳበት እንስራ የሚያፈስ ከሆነ ምን ይጠቅማል? ትልቅ ፓኬጅ የሚያሰፋው ቧንቧውን ብቻ ነው።

የትኛው መንገድ እንደደከመ ለማወቅ የሌሎች ሰዎች ስልክ ሁሉ ለጊዜው ከዋይፋዩ ይውጣ። ከዚያም ከራውተሩ አንድ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ በፍጥነት መለኪያ ገጽ መለካት፣ ቀጥሎም በምናጠናበት ቦታ ሆኖ ያንኑ መድገም ነው። ላፕቶፕ ያለው በገመድ አገናኝቶ ቢለካ ይበልጥ ያስተማምናል። አጠገቡ ጥሩ ሆኖ ርቆ ከወደቀ ጥፋቱ የአየሩ ነው። አጠገቡም ደካማ ከሆነ ግን መስመሩን እንጠርጥር።

በዚህ ላይ የቁጥሩን ትርጉም ማወቅ ያስፈልጋል። ፓኬጅ የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ፋይል የሚለካው ደግሞ በሜጋባይት ሲሆን፣ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 60 ሜጋባይት የሆነ የትምህርት ቪዲዮ በ5 ሜጋቢት መስመር ሲወርድ፣ ሁሉ ነገር ቢሳካ እንኳ 96 ሰከንድ ይፈጃል። አምስት ሰው እኩል ሲካፈለው 8 ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ያላሰላ ሰው ደኅናውን መስመር ሊያማ ይችላል።

ወደ አየሩ እንመለስ፤ በእኛ አካባቢ ብዙው ችግር ያለው እዚህ ነውና። ራውተር የሚናገረው በ2.4 ወይም በ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው። የ5ቱ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ላይ ቶሎ ይዳከማል፤ የ2.4ቱ ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። ብረት ሁለቱንም ይመልሳል፣ ውሃም ይውጣል። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ አንድ ተማሪ በጓሮ ያለውን ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ በአከራዩ ዋይፋይ ሲጠቀም፣ በመካከል የቆርቆሮ ግድግዳ፣ የብረት በር ወይም ውሃ የሞላ ሮቶ ካለ ሞገዱ ተዳክሞ ይደርሰዋል። የቆርቆሮ ጣሪያ ይህን ያህል አያስቸግርም፤ ሞገዱ ወደ ጓሮ የሚሄደው በጎን ነውና። የሚያስቸግረው በጎን የቆመው ነው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳም፣ በተለይ እርጥብ ሲሆን፣ የራሱን ድርሻ ይወስዳል።

ራውተሩን ቡፌ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሸሽጎ፣ በላዩ ጥልፍ ጨርቅ ማልበስ የተለመደ ነው። ጨርቁ ሞገድ አይከለክልም፤ መሣሪያውን ግን ያሞቀዋል። ለቤት ጌጥ ማሰብ ደግ ነው፤ ራውተር ግን ጌጥ አይደለም። ከፍ ባለ ቦታ፣ በቤቱ መካከል ወይም ወደ ሰርቪሱ በሚያይ መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለውም። አከራዩን በአክብሮት ማስፈቀድ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የአየር ችግር መጨናነቅ ነው። በዋይፋይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ መሣሪያ ነው። ክፍል ውስጥ እየተንተባተበ የሚያነብ ተማሪ ክፍለ ጊዜውን እንደሚጨርሰው ሁሉ፣ ርቆ የተቀመጠ ደካማ ስልክም የሌላውን ጊዜ ይበላል። የጎረቤት ራውተሮች በአንድ ቻናል ሲገጣጠሙም እንዲሁ ነው። በ2.4ቱ ላይ የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 በመሆናቸው ከሦስቱ ባዶ የሆነውን መምረጥ ይሻላል። የማስተካከያው ገጽ አድራሻ ብዙውን ጊዜ ከራውተሩ ሥር ተለጥፎ ይገኛል። ከዚያ በተረፈ በቴሌግራም ላይ ቪዲዮ በራሱ እንዲወርድ የሚያደርገውን ማዘዣ መዝጋት ነው፤ ማንም ሳያየው ፓኬጁን የሚጨርሰው ይኸው ነው። ፓስዎርድ ለጎረቤት ልጅ መከልከል በእኛ ዘንድ ነውር ይመስላል። ቢሆንም የጥናት ሰዓት ለይቶ መነጋገር አያጣላም።

ለተግባር ልምምድ ወደ ሽንዲ ወይም ወደ ቋሪት ገጠር ለሚወጡት ነገሩ ይለያል። እዚያ ራውተሩ የራሳቸው ስልክ ነው፤ የሚደክመውም ከማማው እስከ ስልኩ ያለው መንገድ ነው። ላፕቶፕ ያለው ስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ ሲግናል በሚገኝበት መስኮት ላይ ከፍ አድርጎ ማኖርና እሱ ራሱ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ማለት ይችላል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሲግናል መጠበቅ ግን ጊዜ ማጥፋት ነው።

አንዳንዴም መንገዱ ጨርሶ ይዘጋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ስልክን እያጠፉ ማብራት ፋይዳ አልነበረውም። መቋረጥ ሌላ፣ መንቀራፈፍ ሌላ ነው።

ከራውተሩ አጠገብ ሆነን ለክተንም ደካማ ከሆነ ራውተሩን አንድ ጊዜ አጥፍቶ ማብራት፣ ካልተሻለም ወደ 994 መደወል ነው። በመዳብ ሽቦ የሚጠቀሙ ሰዎች በክረምት መጋጠሚያው እርጥበት ሊገባው እንደሚችል ያስታውሱ፤ መደበኛ ስልኩ ላይ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለ ምልክቱ እሱ ነው። ሲደውሉም «ኔት የለም» ብሎ ማለፍ አይበቃም። በስንት ሰዓት፣ ከራውተሩ አጠገብ በገመድ ወይም በዋይፋይ ስንት ሜጋቢት እንደተለካና የተገዛው ፓኬጅ ስንት እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፎ መያዝ ይገባል።