ሞተሩ ቢጠፋስ?

አያቴን ከሮቤ አዲስ አበባ በአውሮፕላን እንዲሄዱ ብንለምናቸው፣ «ሞተሩ ቢጠፋ እንደ ድንጋይ ሊወርድ አይደል?» ብለው እንቢ አሉ። መልስ አጣሁ። ኋላ ግን በፊዚክስ ትምህርት ያገኘሁትን ለውድ አንባቢዎች እነሆ አቀርባለሁ።

በሚበር አውሮፕላን ላይ ክንፉ ወደ ላይ የሚያነሣበት ኃይልና አየሩ ወደ ኋላ የሚጐትትበት ኃይል አሉ። አንሺው ኃይል ለጐታቹ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ ሞተር የጠፋበት አውሮፕላን ተንሳፎ የሚሄደውን ርቀት ይወስናል። ሴስና 172 በምትባለው ትንሽ አውሮፕላን ቁጥሩ ቢበዛ 9 ያህል ነው፤ ይኸውም ነፋስ ከሌለ 1 ሜትር ስትወርድ 9 ሜትር ወደ ፊት ትሄዳለች ማለት ነው። ከሮቤ በላይ 1,000 ሜትር ላይ ሞተሯ ቢጠፋ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ትንሳፈፋለች። ጎባ ግን 14 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ከሮቤም ከፍ ስለሚል፣ አትደርስም። አብራሪው ርቀት ለመጨመር ብሎ አፍንጫዋን ያለ መጠን ቢያቀና ጐታቹ ኃይል ይበረታል፤ መንገዱም ያጥራል።

ለመውጣት ደግሞ የሞተሩ ግፊት ከጐታቹ ኃይል መትረፍ አለበት። በሮቤ ከፍታ፣ 2,500 ሜትር ገደማ፣ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ተራ ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ሴስናይቱ ቀስ ብላ ትወጣለች፤ 4,377 ሜትር የሆነውን የቱሉ ዲምቱን ጫፍ ለማለፍም ትቸገራለች።

ይህንን ለአያቴ ብነግራቸው፣ «እንግዲያስ እንደ ንስር ነው በለኛ!» አሉ። ገና ግን አልተሳፈሩም።